ሙዳዩ ከጨለማው ገጽ ማዶ

ወሬው የደረሰኝ ፎጣ ሳጥፍ ነው። ኖርዌይ ውስጥ፣ የባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ማድረቂያው ሲሽከረከር የስልክ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ የታላቅ እህቴን የድምፅ መልእክት የከፈትኩት ማሽኑ ከቆመ በኋላ፣ ትኩሱን ፎጣ እስከ አገጬ ታቅፌ ቆሜ ነው።

«እቱ፣ ሱቁን ከፈትነው» ትላለች ከላሊበላ። ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል። «ያኛውን አይደለም የምልሽ። ያኛውማ መቼ ተዘግቶ ያውቃል፤ የሚገባ ሰው ጠፋ እንጂ። በኢንተርኔት የሚገባበትን ነው። ልጄ ነው የሠራው። ከየትም አገር ሆነው በስልክ ይገባሉ ይላል። በይ አንቺም ግቢ። ግን እንደ እህት እንዳትገቢ፤ እንደ ገበያተኛ ግቢና ያየሽውን ንገሪኝ።»

ቀጥሎ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ገና እስኪያልፍ ነው የምጠብቀው። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ማንም ሳይለምነው፣ አንዲት ዕቃ ከገዛኝ እቀጥላለሁ። ካልሆነ የገና ማግስት ቁልፉን ለየኔታ እመልስና ወልድያ ሴት ልጄ ዘንድ እወርዳለሁ። ባዶ ሱቅ ተቀምጦ በር በር ማየት ሰው ያስረጃል።»

ጊዜው የነቢያት ጾም የገባበት ሰሞን ነበር። ገና ሩቅ አይደለም።

ሱቋን ላላየ ሰው ልንገር። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያወርደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። የቤቱ ባለቤት ብዙ ደቀ መዝሙር ያስተማሩ አረጋዊ መርጌታ ናቸው፤ መንደሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እህቴ የአንገት መስቀል ትሸጣለች፣ ነጠላ ትሸጣለች፣ ከእንጨት የተጠረበ ጌጥ ትሸጣለች። የልቧ ግን ስፌቱ ነው። ሙዳዩን የምትሰፋው ራሷ ናት። ክዳን ያላት፣ በሁለት እጅ የምትታቀፍ ትንሽ የስፌት ዕቃ ናት ሙዳይ፤ የድሮ ሴቶች ጌጣቸውንና ጥጣቸውን ያኖሩባት ነበር። እንግዳ በብዛት ይመጣ በነበረበት ዘመን እህቴ ሰፍታ አታደርስም ነበር። ከዚያ ዘመኑ ከፋ፣ እንግዳው ቀረ፣ ሙዳዮቹ መደርደሪያው ላይ እርስ በርስ መተያየት ያዙ።

በዚያው ምሽት ደወልኩላት።

«አንቺ ገዝተሽ እንዳታታልይኝ» አለችኝ ገና ሰላም ሳንባባል። «ጓደኛም እንዳትልኪ። ማርያምን በይ።»

«እታለም፣ መማል እንደማልወድ ታውቂያለሽ። አልገዛም፤ ማንንም አላስገዛም። ቃሌ ነው።»

«አንቺማ ቄስ መሆን ነበረብሽ» አለችና ሳቀች። እኔ ግን ቃሉ ከበደኝ። አንድ ሙዳይ በሌላ ሰው ስም ገዝቶ ነገሩን መጨረስ ምንኛ ቀላል ነበር። አሁን የቀረኝ ማየት ብቻ ነው፤ ያየሁትንም ሳልቀንስ መንገር።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት አማተብኩና ገባሁ።

መጀመሪያ የመጣው ፎቶ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ የተነሣ የከተማችን ፎቶ። ከሥሩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «እንኳን ደህና መጡ፤ እባክዎ እኔን ይከተሉ» ይላል። የእህቴን ልጅ ድምፁን የሰማሁ መሰለኝ። አስጎብኚ ነው። የተዋጣለት አስጎብኚ። እግሩን ያመመው እንግዳ እንኳ እሱ ማውራት ሲጀምር ሕመሙን ይረሳል ይላሉ። «ይከተሉ» የሚለውን ተጫንኩ። መስቀሎች መጡ፣ ከየመስቀሉ ሥር ረጅም ታሪክ። ከገጹ ግርጌ «አሁን ወደሚቀጥለው እናልፋለን» ይላል። ተጫንኩ። ነጠላ። አሁንም ወደሚቀጥለው። የእንጨት ጌጥ። ልመለስና ያችን አንዷን መስቀል ደግሜ ልያት ብል መመለሻ የለም። ልዝለል ብል መዝለያ የለም። ከዚያ እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦

«እዚህ ላይ ወደ ዋሻው እንገባለን። መብራት አያብሩ። ግድግዳውን በእጅዎ እየዳሰሱ ቀስ ብለው ይምጡ።»

ተጫንኩ። ስልኬ ጠቆረ።

ጠፋ ብዬ ነቀነቅኩት። አልጠፋም። በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ብገፋው ጥቁር፣ ደግሜ ብገፋው ጥቁር፣ ኧረ ምን ጉድ ነው ብዬ ስገፋ ስገፋ አንዲት የብርሃን ጭረት ታየች፤ ሰፋች፤ ከዚያ የእህቴ ሙዳዮች በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በስንደዶው ወርቃማ መልክ ተደርድረው ብቅ አሉ። ሳላስበው እሰይ አልኩ።

የላሊበላ ሰው ይህን ለመረዳት ማንንም አይጠይቅም። ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው የሚያሻግር ጨለማ ዋሻ አለን፤ ሲኦልን አልፎ ወደ ብርሃን የመውጣት ምሳሌ ነው እየተባለ ይነገርለታል። አስጎብኚዎች እንግዳውን መብራት አስጠፍተው ያሳልፉበታል፤ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ፣ ሲወጣ ይስቃል። ልጁ ሱቁን የሠራው ሰው በሚያስጎበኝበት ሥርዓት ነው። መግቢያው፣ ተራው፣ ዋሻው፣ ብርሃኑ። ሙዳዮቹ በብርሃኑ ቦታ ላይ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ኩራት ኩራት አለኝ።

ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው ሌላው ሐሳብ የመጣው። ላሊበላን የማያውቅ ሰው ያን ጨለማ ምን ብሎ ይገፋዋል?

የሥራ ጓደኛዬ የዚሁ የኖርዌይ ተወላጅ ናት፤ ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች፣ ቀልደኛ፣ በእረፍት ሰዓት ከስልኳ ዓይኗን የማትነቅል። አትገዛም፤ ታያለች። «ማየት ነጻ ነው» ትላለች። በማግስቱ ስልኬን ሰጠኋትና የማን እንደሆነ ሳልነግራት «እስኪ ይህን ሱቅ ተመልከችልኝ» አልኳት። እኔ አውራ ጣቷን ነው የማየው።

የሰው አውራ ጣት እንዲህ ዓይነት ባሕርይ እንዳለው እስከዚያች ቀን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ከዓይን ይቀድማል። እሷ ጽሑፉን አላነበበችም፤ አንድ ቃል እንኳ። ገባች፣ ወደ ታች ሮጠች፣ ወደ ላይ ተመለሰች፣ መስቀሎቹን በጨረፍታ አየች፣ የምትጽፍበት መፈለጊያ ፈለገች፣ የለም። መመለሻ ፈለገች፣ የለም። «ይህ ሱቅ እጄን ይዞ ይጎትተኛል» አለች። እስከ ዋሻው ግን ደረሰች። ስልኩ ጠቆረ።

«ባትሪሽ አልቋል» ብላ ስልኬን መለሰችልኝና ዳቦዋን ገመጠች።

ይህን ለእህቴ ሳልቀንስ ነገርኳት። ልጇም አጠገቧ ነበርና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉት።

«አክስቴ፣ እኒያ ሴትዮ ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ ብርሃኑ ጋ ይደርሱ ነበር» አለ ልጁ።

«አልታገሡም እኮ ልጄ።»

«እንግዶቼ ሁሉ ይታገሣሉ።»

«እንግዶችህ ዋሻው መሐል ላይ ናቸው። አንተን ትተው ወዴት ይሄዳሉ? ይቺ ግን ያለችው ወንበሯ ላይ ነው። ዳቦዋም በእጇ ነው።»

እህቴ ስትስቅ ሰማኋት። ልጁ ግን አልሳቀም። «ወደ ኋላ መመለሻ ያላደረግሁት አውቄ ነው» አለ። «ጉብኝት ላይ ወደ ኋላ አይኬድም። የፊተኛውን ያላየ የኋለኛው አይገባውም።»

«ኧረ የየኔታን ንገራት» አለች እህቴ።

«እማዬ፣ ተይ።»

«እኔ ልንገራት። ትናንት ለየኔታ ሊያሳያቸው ሄደ። መስቀሉን አዩ፣ ተሳለሙ፤ ስልኩን ነው የተሳለሙት እንግዲህ። ነጠላውን አዩ። ከዚያ ጨለማው መጣ። 'ልጄ፣ ስልክህ ሞተ' አሉት። 'የለም የኔታ፣ ይግፉት፣ ብርሃኑ ይመጣል' ሲላቸው ምን አሉት መሰለሽ? 'በእኔ ዕድሜ ይደርስልኛል?'»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ልጁም በመጨረሻ አልቻለም። እኔ ግን ከሳቁ ቀጥሎ የከነከነኝን ተናገርኩ። ዋሻው ለሰው ነፍሱን የሚያስታውስ ነገር ነው፤ የሙዳይ መሸጫ መተላለፊያ ይሁን ወይ? እህቴም የራሷ ክርክር ነበራት፦ «እሺ ጨለማውስ ይቅር። ሰው ግን መስቀሉን ሳያይ እንዴት በቀጥታ ሙዳይ ጋ ይሄዳል? መስቀል ከኋላ ይሁን ነው የምትይኝ?»

«ፊት ይሁን እታለም። በሩ ራስ ላይ ይሁን። ገበያተኛው ግን ከሥሩ ወደፈለገበት ይለፍ።»

«አስብበታለሁ» አለ ልጁ ቀዝቀዝ ብሎ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን አልደወለም። እናቱም «ለምኚው እንጂ፣ አኩርፏል» ብላ የሳቅ ምልክት ላከችልኝ። ላለማባበል ወሰንኩ። ገና እየቀረበ ነው፤ ማባበል ደግሞ ገበያተኛ አያመጣም።

በዚያ መሐል ግን አንድ ነገር አየሁ። ለሥራ ጓደኛዬ ያን ጨለማ ራሴ ገፍቼ አሳለፍኩላትና ሙዳዮቹን ብቻ አሳየኋት። ደግሞም አስጠነቀቅኳት፦ «እንዳትገዢ። ተይው፣ ረጅም ታሪክ ነው። ማየት ብቻ።» በጣም ደስ አላት፤ የማይገዛ ሰው ተፈልጎ ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አውራ ጣቷ ይሮጣል፤ ሙዳይ፣ ሙዳይ፣ ሙዳይ፣ ሁሉም ክዳኑን ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ። ድንገት አውራ ጣቷ ቆመ። አንዷ ሙዳይ ላይ። ክዳኗ ገደድ ብሎ፣ በጎን ጥቁር ክፍተት የሚያሳይ። በሁለት ጣቷ አሰፋችው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወደ ውስጥ ልታይ ሞከረች፣ ፎቶ ውስጥ።

«ምን አለው ውስጡ?» አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ የቆምኩት ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ በሐሳቤ የልጅነቴ ቅዳሜ ገበያ ነበርኩ። እናታችን ስፌት ትሸጥ ነበር። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ገበያተኛ አትጣራም። ሙዳዮቹን መሬት ላይ ታሰልፍና ከመካከላቸው የአንዷን ክዳን በአንድ ጣት ገደድ ታደርጋለች። እኔ ንጹሕ ነገር ስለምወድ እገጥመዋለሁ። እሷ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር፣ ከሰው ጋር እያወራች፣ መልሳ ገደድ ታደርገዋለች። እገጥማለሁ፤ ትከፍታለች። ከኩልመስክ ለገበያ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ያችን ሙዳይ ጎንበስ ብሎ ከፍቶ አይቶ ነው የሚያልፈው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አያልፍም፤ ከከፈተ በኋላ እጁ ላይ ትቀራለች። እናታችን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላስተማረችንም። ጣቷን ብቻ ነው ያየነው።

እህቴ ጋ ደወልኩ። «ያችን ክዳኗን ገደድ ያደረግሻትን ሙዳይ እንደ እናታችን አድርገሽ ነው ያነሣሻት?»

«የትኛዋን?»

«ቀይ አፍ ያላትን።»

ጥቂት አሰበች። «እሷንማ ድመቷ ናት የነካቻት። ልጁ ፎቶ ሲያነሣ ዘላ ወጣችባት። በኋላ አየሁት፤ ደግመህ አንሣት ብለው ብርሃኑ ሄዷል አለኝ።» ከዚያ «የእናታችን ጣት» አለች። እሷም ወደ ቅዳሜ ገበያ እንደሄደች ገባኝ። «እቱ፣ በይ ዝጊው» አለችኝ፤ ስልኩን ነው። ሥራ ሊኖርባት ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እህቴ ልጇን ይዛው ገበያ ወጣች። ጨው ልገዛ ነው ብላ ነው የወሰደችው። ልጁ ስንት አገር ሰው ያስጎበኘ ሰው ነው፤ በገዛ ከተማው ገበያ ግን ዕቃ ተሸክሞ ከማለፍ በቀር ቆሞ አይቶ አያውቅም። እናቱ አንድ ጥግ አቁማ «ሰው እንዴት እንደሚሄድ እይ» አለችው። እዚያው ትታው እሷ ጨው ልትገዛ ሄደች። ማታ ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ ሞቋል።

«አክስቴ፣ ሰው በሰልፍ አይሄድም» አለኝ።

«የት?»

«ገበያ ላይ። አንዲት ሴትዮ ተከተልኩ፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል የመጡ። ቅቤ ሊገዙ ነው የመጡት። ቅቤው ጋ ግን አልሄዱም። በርበሬ አዩ፣ እንስራ በጣታቸው መቱ፣ እንቅብ አነሱ፣ አስቀመጡ፣ የሰው ሕፃን ሳሙ፣ ተመልሰው ያንኑ እንቅብ አነሱ። እንደገና አስቀመጡ። እንቅቡን የምትሸጠው ልጅ 'ይግዙ እንጂ እማማ' ብትላቸው 'ዞሬ እመጣለሁ' አሏት።»

«መጡ?»

«መጡ እኮ። ቅቤውን ይዘው። እኔ ብሆን ኖሮ እጃቸውን ይዤ መጀመሪያ በርበሬ፣ ቀጥሎ እንስራ፣ ወደ ኋላ የለም እላቸው ነበር።» ሳቀ። «አክስቴ፣ ሱቁን አፈረስኩት። ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ፤ መብራት ከኖረ።»

መብራት በዚያ ማታ አልነበረም፤ በማግሥቱም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ግን አዲሱ ሱቅ ተከፈተ። ደግሜ አማተብኩና ገባሁ።

ራስጌው ላይ አንዲት መስቀል ብቻ አለች፤ ምንም አልተጻፈባትም። ከሥሯ ሁሉም ነገር በአንድ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ለአንገት የሚሆን በዚህ፣ ለትከሻ የሚሆን በዚህ፣ ለቤት የሚሆን በዚያ፤ ሰው በሚፈልግበት ምክንያት እንጂ ዕቃው በተሠራበት ነገር አልተለየም። የሚጽፉበት መፈለጊያ አለ። መመለሻ አለ። የገባ ሰው ከየትም ቦታ ሆኖ ወደ ሜዳው ይመለሳል። የወደዱትን የሚያኖሩበት ዘንቢል ከላይ በቀኝ በኩል ተሰቅሏል። የሙዳዮቹ ክዳን ሁሉ ደግሞ ገደድ ብሏል፤ እህቴ አንዷንም አላስቀረችም። ይህ በዛ አልኳት፤ እናታችን አንዷን ብቻ ነበር የምትከፍተው። በማግስቱ ከአንዷ በቀር ሌሎቹ ተገጥመው አገኘኋቸው።

ዋሻውስ? ዋሻው ከገጹ ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ «ዋሻውን ማለፍ ለሚወዱ» ተብሎ ተቀምጧል። ከማዶው የሚሸጥ ዕቃ የለም፤ የልጁ ታሪክ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ያም የሚያምር ነው። የኔታ ይህን ሲሰሙ «እኔ በዚያ በኩል አልገባም፤ በፊት ለፊት ነው» ብለዋል አሉ።

የሥራ ጓደኛዬ ስልኬን ተቀብላ ገባች። ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሻይዋ ቀዘቀዘ። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሥራ ሲጠራን ያችው ክዳኗ ገደድ ያለው ሙዳይ ላይ ነበረች።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው። ልጁ በየቀኑ የገባውን የወጣውን ያያል፤ ለእናቱ ያነባል። እሷም ለእኔ ትደውላለች።

«አንድ ሰው ገባ አሉኝ። ሙዳይ ዘንቢል ውስጥ ከተተ አሉኝ። ከዚያ ጥሎ ወጣ» ትለኛለች። «ምን አድርገነው ነው? ዘንቢሌን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄደው ምን ብለነው ነው?»

«እታለም፣ እኔም እንዲህ ነኝ። የክረምት ጫማ እየከተትኩ እየተውኩ በረዶው ደርሶብኛል።»

«አንቺ ነሻ! ባለሱቅ እህት ያለሽው እንዲህ ካደረግሽ ሌላው ምን ያድርግ» ትላለች። ከዚያ ራሷ ታሰላስልና «ዞሬ እመጣለሁ ማለቱ ይሆን?»

«ይሆናል።»

«እንግዲያው ዘንቢሉ እንዳይነካ» አለች ለልጇ፤ ሰማኋት። «የከተተውን እዚያው አቆይለት። መደርደሪያ ላይ እንዳትመልስ።»

«እማዬ፣ መደርደሪያ የለውም እኮ።»

«አትመልስ ብያለሁ።»

አልመለሰም። «ለምን ጥላችሁ ሄዳችሁ» ወይም «ቶሎ ግዙ» የሚል ነገርም ለማንም አልላኩም። እህቴ ገበያ ላይ ገበያተኛን እጁን የምትይዝ ሴት አትወድም።

የገና ሌሊት እኔ በባቡር ርቃ ወዳለች ከተማ ሄጄ፣ ወገኖቻችን በተከራዩት ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ። ከእህቴ ሱቅ ሰው እንዲገዛላት ለመጸለይ አፈርኩ፤ ጌታ በተወለደበት ሌሊት ስለ ሙዳይ ልለምነው? መጨረሻ ላይ ግን ለመንኩት። በከብቶች በረት የተወለደ ጌታ የስፌት ነገር አይከብደውም ብዬ።

እህቴ ጋ ስደውል ከተማው ነጭ በለበሰ ተሳላሚ ተሞልቶ ነበር፤ ድምፁ በስልክ እንኳ ይመጣል። እግረኛው ምዕመን ሙዳይ እንደማይገዛ እሷም ታውቃለች። ውኃ ስታጠጣ፣ ማረፊያ ስታሳይ ነው የዋለችው። ስለ ሱቁ ያለችኝ አንዲት ነገር ናት፦ «ነገ ቁልፉን እወስዳለሁ። ለየኔታ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ቃል ያለሽ መሰለሽ?»

የሆነውን እኔ የማውቀው ከቁርጥራጭ ነው።

የገና ማግስት ጠዋት እህቴ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ የኔታ ግቢ ወጣች። ግቢው ሙሉ ነው፤ ጎረቤቶች፣ የሩቅ አገር ደቀ መዛሙርት፣ ጾሙን ፈትቶ የሚበላ የሚጠጣ ሰው። ልጇ ቤት ቀርቶ ነበር። ስልኩ ላይ መልእክት የገባው ያኔ ነው፤ ከአዳማ፣ ከማናውቃት ሴት። በጾሙ መካከል ሙዳይ ዘንቢል ውስጥ ከትታ የሄደች ናት። ልጇን ልትድር ነው። ለሙሽራዋና ለሚዜዎቿ ሁሉ ሙዳይ ትፈልጋለች። መልእክቷን ልጁ ልኮልኛል፦ «እህቴ፣ ዘንቢሌን እስካሁን ስላላነሣችሁት አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክዳኗ እንደ ፎቶው ገደድ እንዳለ ነው የሚቀረው ወይስ ይገጥማል?»

ልጁ ጫማ ሳያደርግ ሮጠ። የኔታ ግቢ ሲደርስ እናቱ ቋጠሮውን ፈትታ፣ ቁልፉን በመዳፏ ይዛ፣ በየኔታ ፊት ጎንበስ ብላ ነበር ይላል። እሱ መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበ። እህቴ ቀና አለች። ቁልፉን ጨበጠችው። ከዚያ ለየኔታ አንድ ነገር አለቻቸው፤ እሳቸውም መለሱላት፤ ግቢው ሁሉ ሳቀ።

ምን እንዳለቻቸው ግን አላውቅም። ልጁን ስጠይቀው «አክስቴ፣ እሱ በስልክ አይነገርም፤ ፊቷን ማየት አለብዎ» ይለኝና በሳቅ ይቋረጣል። እሷን ስጠይቃት «ምንም አላልኩም። ይገጥማል አልኩ፤ ለአዳማዋ ሴት» ትለኛለች። የኔታን በልጁ በኩል ባስጠይቃቸው የላኩልኝ መልስ ይህ ነው፦ «ለእህቲቱ ንገሯት፤ ብርሃኑ በእኔ ዕድሜ ደረሰልኝ።» ደስ ይላል፤ የጠየቅኋቸውን ግን አልመለሱም።

ሱቁ አሁን ክፍት ነው፤ ሁለቱም በር። እህቴ የምትሰፋላቸው ሙሽሮች አሉ። የሥራ ጓደኛዬ ጡረታ ወጥታለች፤ አሁንም በየቀኑ ትገባለች፣ ታያለች፣ አትገዛም። እገዳውን አንሥቻለሁ ብላትም «ለመድኩት» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ የላሊበላ ሰዎች፣ በተለይ የገና ማግስት ጠዋት የኔታ ግቢ የነበራችሁ፣ ከበር አጠገብ የቆማችሁም ከውስጥ የተቀመጣችሁም፦ እህቴ ቁልፉን እንደጨበጠች ለየኔታ ያለችውን ጻፉልኝ። እሳቸውስ ምን መለሱላት? ግቢው ሁሉ ለምን ሳቀ? እሷ ትቀየመናለች ብላችሁ አትስጉ፤ ሱቋ ገብታችሁ አንዲት ሙዳይ ከፍታችሁ ካያችሁ ይቅር ትላችኋለች። ሳታሳምሩ፣ እንደተባለው አድርጋችሁ ጻፉልኝ። እኔ እዚህ ፎጣ እያጠፍኩ እጠብቃለሁ።